የቅርቡ ገጠር በፎቶግራፍ፤ ስለ አዲስ አበባ ዙሪያ ሥዕሎች የቀረበ ሂስ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የሚለው የአባቶች ብሂል ከማንኛውም ነገር ይልቅ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ገጠር የሚስማማ ይመስለናል። ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሁሉ፣ ያገር ልጅም ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ዳናክል በረሃ ወይም ወደ ኦሞ ሸለቆ ለመድረስ ብዙ ቀን ይደክማል። ከቤቱ ደጃፍ ማለዳ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊመለስበት የሚችለውን ገጠር ግን ወይ በመኪና መስኮት እያየ ያልፈዋል፤ ወይም ለሩቁ ጉዞ እጁን የሚያለማምድበት ስፍራ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ የሩቁ አገር ብዙ ሥዕል ሲኖረው የቅርቡ ገጠር ግን ጥቂት ብቻ፣ ያውም ተደጋግሞ የተነሣ አንድ ዓይነት ሥዕል አለው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ ማንንም በስሙ ጠርቶ ለመንቀፍ አይደለም። ከዐውደ ርእይ እስከ ግድግዳ የቀን መቍጠሪያ፣ ከፖስት ካርድ እስከ መጽሔት ሽፋን ድረስ ሳናቋርጥ የምናያቸውን የዙሪያውን ገጠር ሥዕሎች እንደ አንድ ሥራ ቈጥሮ፣ ምን እንደሚነግሩንና ምን እንደሚሰውሩብን ለመመርመር ነው። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሠዓልያን ትተነው ባለፍን ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚታየው ማሳና መንደር በዓይናችን ፊት እየተለወጠ ስለ ሆነ፣ የሥዕሉ ጕድለት ነገ የታሪክ ጕድለት ይሆናል።

በቅድሚያ የምንናገርበት ስፍራ ይለይ። ከእንጦጦ ጫፍ ቆመው ወደ ሰሜን ሲመለከቱ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ሣር የሚታጨድበትና ከብት የሚሰማራበት የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። ወደ ምዕራብ የወጨጫ ተራራና የመናገሻ ሱባ ደን አሉ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የረር ተራራና የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች፣ ከዚያም አልፎ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለውና በራሱ ላይ ሐይቅ የተሸከመው ዝቋላ ይገኛሉ። ወደ ደቡብ ደግሞ የአዋሽ ወንዝ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የመልካ ቁንጡሬ ስፍራና ከአለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሉ። ነዋሪው በብዛት የቱለማ ኦሮሞ ሲሆን፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ ያበቅላል፤ ለከተማውም ወተትና እንቍላል፣ ገለባና ማገዶ ያቀርባል። ከእነዚህ ስፍራዎች መካከል አንዱ እንኳ የብዙ ቀን ጕዞ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ይህ ገጠር ለዓይን ርቆ የቀረው በመንገድ ርቀት አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድር ነው? መልሱን ለማግኘት ፎቶግራፍ ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ምድር ላይ መልክዐ ምድርን በብዛት ያነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በ1867 እና በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከዙላ ወደብ ተነሥተው እስከ መቅደላ የዘለቁት የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል ባልደረቦች ነበሩ። እነርሱም የሚፈልጉት ጦሩ የሚያልፍበትን ሸለቆ፣ የሚሰፍርበትን ሜዳና የሚወጣውን አምባ ነበር። ቀጥሎ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ለልጆቹ ተላለፈ። በዚያ ዘመን በፎቶግራፍ መነሣት የንጉሥ፣ የመኳንንትና የከተማ ባለጸጋ ክብር ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ጄራር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡትን ሥዕሎች ሰብስበው በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፍ የዚህን ዘመን መልክ ያሳያል፤ የእነርሱም ልፋት ምስጋና የሚገባው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቱሪዝም ነው። ከ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝምን ሥራ ባቋቋሙ ጊዜ፣ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መጠሪያ ኢትዮጵያ ለዓለም ቀረበች። የአክሱም ሐውልት፣ የጎንደር ግንብ፣ የላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያንና የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ያገሪቱ መታወቂያ ሆኑ። ይህ በራሱ ነውር አልነበረም፤ አገርን ያስተዋወቀ ብልኅ ሥራ ነው። ነገር ግን የተከተለው ልማድ ዓይንን አሠልጥኖ አስቀረ፤ «ሊነሣ የሚገባው» ነገር ጥንታዊ ወይም እንግዳ የሆነ ብቻ ነው የሚል አሳብ በሰው ልብ ሠረጸ። የአዲስ አበባ ዙሪያ ገጠር ቤተ መንግሥት አይደለም፤ የጦር መንገድም አይደለም፤ ለቱሪስት እንግዳ የሚሆን ነገርም በብዛት አላቀረበም። ስለዚህ በሦስቱ መንገዶች መካከል ወድቆ ቀረ።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ እንግባ። የዙሪያውን ገጠር ሥዕሎች አንድ ላይ አስቀምጦ የሚመለከት ሰው አራት ዓይነት ሥዕል ሁልጊዜ ሲመላለስ ያገኛል።

የመጀመሪያው አራሹ ነው። ፀሐይ ከኋላው፣ አቧራው እንደ ወርቅ፣ በሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጅራፉ በአየር ላይ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉ ያምራል። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ከኋላ ስለ ሆነ እርፉ፣ ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉና ምራኑ ሁሉ አንድ ጥቍር ጥላ ሆነው ይቀራሉ። ቀንበሩ ከምን ዕንጨት እንደ ተጠረበ፣ ማረሻው በአንጥረኛ እጅ የተሠራ ይሁን ወይም ከገበያ የተገዛ ማወቅ አይቻልም። የጤፍ ማሳ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ እንደሚታረስ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ከሥዕሉ ግን የመጀመሪያው እርሻ ይሁን የመጨረሻው ሊለይ አይችልም። ከዚህም የሚበልጥ ጕዳይ አለ። ሥዕሉ ሁለት በሬ ስላሳየን ባለማሳው ሁለት በሬ ያለው ሰው ይመስለናል። ነገር ግን በዚህ አገር አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ተስማምተው በየተራ ማረሳቸው የታወቀ ነው። እንዲሁም አራሹ የመሬቱ ባለይዞታ ሊሆን ይችላል፤ የእኩል አራሽም ሊሆን ይችላል። የባላገሩ ኑሮ የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው፤ ይህም ስምምነት በፎቶግራፍ አይታይም። የማይታየውን ነገር ለመናገር ከሥዕሉ ሥር የሚጻፍ አንድ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር፤ እርሱም አይጻፍም።

ሁለተኛው ዕንጨት ተሸካሚዋ ሴት ናት። ከእንጦጦ ቍልቍለት ላይ፣ ወገቧ በሸክም ጐብጦ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከራሷ በላይ ተንጠርብቦ ትታያለች። ይህች ሴት ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የዙሪያው ገጠር ምልክት ሆና ኖራለች። ተመልካቹ ያዝናል፤ አዝኖም ያልፋል። ሸክሙ ከ30 ኪሎ እንደሚበልጥ፣ ቅጠሉ ለከተማው ምጣድ እንደሚውል፣ ሴቲቱ ለጫካው ጠባቂ ስትሸሽ ወይም ስትለማመን መዋሏን፣ ከገበያው የምታገኘው ለዕለት ጉርስ ብቻ መሆኑን ሥዕሉ አይናገርም። እንዲያውም ሥዕሉ የሚነሣው ሁልጊዜ በቍልቍለቱ መካከል ነው። ማለዳ ከቤት ስትወጣ፣ ቅጠሉን ስትለቅም፣ ሸክሙን ስታስር፣ ከገዢው ጋር ስትከራከር ወይም ገንዘቧን ቈጥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያያት የለም። አንዲት ሠራተኛ በሥራዋ መጀመሪያና መጨረሻ ካልታየች፣ የምትታየው ሸክሟ ብቻ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ተራራ ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ቍጥር እጅግ በዝቷል፤ የተራራውን የቀድሞ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያሳይ የተሟላ ስብስብ ግን ከሕዝብ ፊት ቀርቦ አላየንም።

ሦስተኛው ጎጆው ነው። ሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከጣራው ሥር የሚወጣ ጢስ፣ ከደጃፉ የቆመ ሕፃን። በዚህ ላይ የምናቀርበው ነቀፌታ ከሁሉ የጠነከረ ነው። በዙሪያው ገጠር ውስጥ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የቆርቆሮ ክዳን፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ኩበት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ቆርቆሮው እንዳይገባበት ወደ ቀኝ ዞር ይላል፤ ምሰሶው እንዳይታይ ጕልበቱን ያጥፋል፤ ኩበቱን «ያስቀይማል» ብሎ ይተወዋል። ባለቤቱ ግን ብዙ ዓመት አጠራቅሞ ያሠራው፣ ለልጁ ጋብቻ የሚመካበት የቆርቆሮው ቤት ነው። አንሺው የሚወደውን የሣር ቤት እርሱ ለከብት ማደሪያ ወይም ለማድ ቤት ትቶታል። እንግዲህ ባለቤቱ በኩራት የሚያሳየውን ነገር እንግዳው ቈርጦ ሲጥለው፣ የባላገሩን ኑሮ ለማክበር ብሎ ነው ሊባል አይችልም። ኩበቱም ቢሆን ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ማገዶ በጠፋበት አገር ለማሳ መሆን የሚገባው ፍግ በምድጃ ውስጥ መቃጠሉን ያስረዳል። ስለ መሬት ለምነት ብዙ ገጽ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ግድግዳ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

አራተኛው የበዓሉ ሥዕል ነው። በመስከረም ሜዳውን የሸፈነው ዐደይ አበባ፤ ከመስቀል ቀጥሎ በቢሾፍቱ ሆራ ዳር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የሚሰበሰበው የኢሬቻ ሕዝብ፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ወደ ዝቋላ የሚወጣው ምእመን። እነዚህ ሥዕሎች ከሌሎቹ ይልቅ ሕይወት አላቸው፤ ሰዎቹ ተሰብስበው፣ ፊታቸው ወደ ብርሃን ዞሮ፣ የልባቸውን እያደረጉ ይታያሉ። ጕድለታቸው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ሕዝቡ ከሆራ ሲመለስ አንሺውም አብሮ ይመለሳል። የሐይቁ ዳር በሐምሌ ምን ይመስላል? በዝቋላ ተራራ ግርጌ የሚኖረው ገበሬ ከምእመናኑ ጋር ምን ይሸጣል፣ ምን ይገዛል? ሥርዓቱን የሚመሩት አባቶችና እናቶች በሌላው ቀን በምን ሥራ ይውላሉ? በዓሉ ከዓመቱ ሥራ ተነጥሎ ሲታይ ትርዒት ይሆናል፤ ከአዝመራው፣ ከክረምቱ ማለፍና ከወንዙ መጕደል ጋር ሲታይ ግን ትርጕሙ ይገለጣል።

እነዚህን አራት ሥዕሎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ስም የሌላቸው መሆኑ ነው። ቋንቋችን ፎቶግራፍን «ማንሣት» ይላል። ማንሣት የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ፍች አለው፤ የወደቀውን ማቅናት፣ ነገርን ከስፍራው ወስዶ መሄድ፣ እንዲሁም የሰውን ስም መጥራት ሁሉ ማንሣት ይባላል። የዙሪያችን ገጠር ሥዕሎች በሁለተኛው ፍች ብቻ ተነሥተዋል፤ ሰውየውን ከስፍራው ወሰዱት፣ ስሙን ግን አላነሡም። «የገጠር ሕይወት»፣ «የአርሶ አደሩ ኑሮ»፣ «ውበት» የሚሉ መግለጫዎች ይጻፋሉ፤ ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የወንዙ ስም፣ የሰብሉ ዓይነት አይጻፍም።

የስፍራውም ስም ቢጻፍ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ዙሪያ ብዙ ቦታ ሁለት ስም ኖሮታል፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ሆለታ ገነት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ከዚያም ራቅ ያለው አዳማ ናዝሬት ተብለው የተጠሩበት ዘመን ነበረ። በአንድ ሥዕል ጀርባ «ደብረ ዘይት» ተብሎ የተጻፈውን በሌላው ጀርባ «ቢሾፍቱ» ተብሎ ከተጻፈው ጋር ማገናኘት ያልቻለ መዝገብ አንዱን ሐይቅ ሁለት ያደርገዋል። ከዚህም በላይ የኮረብታውና የወንዙ ስም በአብዛኛው ኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ አንሺ የሰማውን አጣምሞ ይጽፋል፤ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ከባላገሩ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር ሰው ይዞ መሄድ ካሜራ ይዞ ከመሄድ ያላነሰ አስፈላጊ ነው።

ስም ያለው ሥዕል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። ከላይ ያነሣናቸው የመቅደላ ዘመቻ ሥዕሎች ለጦር ሥራ የተነሡ ቢሆኑም፣ የጦሩ መንገድ የታወቀ ስለ ነበር ስፍራቸውን መልሶ ማግኘት ተችሏል። ያን ንሰን፣ ምትኩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር ሪቻርድ ፓንክኸርስት፣ የቀድሞው አንሺ በቆመበት ቦታ ቆመው ያንኑ ተራራና ያንኑ ሸለቆ ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሡ። ጥናታቸውም በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚያምነው የተለየ ሆነ። የሰሜኑ ምድር በ1868 እ.ኤ.አ. ገና በደን የተሸፈነ ነበር የሚባለው በሥዕሎቹ አልተረጋገጠም፤ ያን ጊዜም ብዙው ተራራ የተራቆተ ነበር። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ በብዙ ስፍራ ዛፉ በዝቶ፣ እርከኑ ተሠርቶ ታየ። ዶናልድ ክረሚም ከዚያ ቀደም ብሎ በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ የተነሡትን ሥዕሎች ይዞ ወደየስፍራው ተመልሶ፣ በብዙ ቦታ ዛፍ መጨመሩን አገኘ። ይህንንም በ1998 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳተመ። «ደናችን ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያህል ነበረ» እየተባለ ሲደጋገም የኖረውን ነገር የመረመረው ሥዕል ነው፤ መመርመር የቻለውም አንሺው የቆመበት ስፍራ ስለ ታወቀ ብቻ ነው።

ይህን ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ እንመልሰው። የባሕር ዛፍ ታሪክ ዛሬም ያከራክራል። ከተማይቱ ከተቈረቈረች በኋላ ማገዶ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር፤ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ በማደጉ ከተማይቱ ባለችበት ጸናች። ዛፉ የት የት በስንት ጊዜ ውስጥ እንደ ተስፋፋ፣ የትኛው ማሳ ወደ ባሕር ዛፍ እንደ ተለወጠ፣ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ ለማወቅ ከዚህ ዙሪያ የተነሡ፣ ቀንና ስፍራ ያላቸው ሥዕሎች ያስፈልጉ ነበር። የመናገሻ ደንም እንዲሁ ነው። ዛሬ የሚነሡት ሥዕሎች ዝግባውንና ጥዱን እጅ ያልነካው ዱር አስመስለው ያቀርባሉ፤ ትውፊቱ ግን ደኑን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በትእዛዝ የተተከለ ያደርገዋል። ዱር ተብሎ የተነሣው የሰው ሥራና የሰው ጥበቃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የመሬቱ ጕዳይ ነው። አዲስ አበባ ከሰፋች ወዲህ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሰፈር ሆነዋል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚታረስ አገር ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ከተማይቱን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የወጣው ማስተር ፕላን ከፍ ያለ ተቃውሞ አስነሣ። በዚያም ብዙ ሰው ሞተ፤ በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር ዕቅዱ መተዉ ተነገረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል ስም ተጠቃለሉ። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል የማሳው ባለቤት «አባቴ በዚህ ያርስ ነበር» ሲል ቃሉን የሚደግፍለት ምን አለ? አባቱ ምናልባት ዐሥር ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሆናል፤ ከኋላው ፀሐይ እየወጣች፣ ስሙና ስፍራው ሳይጻፍ። ያ ሥዕል በሩቅ አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል፤ ለልጁ ግን ምንም አይመሰክርለትም። ቀኑና የወንዙ ስም ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ፣ የዳኝነት ማስረጃ ባይሆን እንኳ የመታሰቢያ ማስረጃ በሆነው ነበር።

በዚህ ላይ የሚቀርብ መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን። «ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ነው፤ አንሺውም የመንግሥት መዝገብ ጸሐፊ አይደለም፤ ውበትን ማሳየቱ ይበቃዋል» ይባላል። ይህ አሳብ በከፊል እውነት ነው። መሣሪያን ሁሉ እየቈጠረ የሚያነሣ፣ ብርሃንን የማያውቅ ሰው ሥዕል አሰልቺ ከመሆን አያልፍም፤ የሚያሰለች ሥዕል ደግሞ ስለማይታይ ለታሪክም አይጠቅም። ነገር ግን ውበትና ማስረጃ የሚጣሉ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ጧት ላይ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የአራሹን ፊትና የሞፈሩን ጅማት አብሮ ያሳያል። በአውድማ ላይ መንሹና ላይዳው ሲሠሩ፣ እህሉ ከገለባው ሲለይ፣ ሴቶቹ ሲያበጥሩና ሽማግሌው እህሉን ሲሰፍር ከአቧራው ይልቅ የሚያምር ነገር አለ። ሠዓሊ ውበትን ከሰው ሥራ ውስጥ ያወጣዋል እንጂ ሥራውን በውበት አይሸፍነውም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ስለ ስም ነው። «የባላገሩን ስም በአደባባይ መጻፍ ነውር ነው፤ ጕዳትም ሊያመጣበት ይችላል» የሚሉ አሉ። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው፤ በተለይም መሬት በሚያጣላበት ስፍራ። መልሱ ግን ስሙን ጨርሶ መተው ሳይሆን ሰውየውን መጠየቅ ነው። ስሜ ይጻፍ ያለ ይጻፍለት፤ አይጻፍ ያለ አይጻፍበት፤ መነሣትም አልፈልግም ያለ አይነሣ። በኦሞ ሸለቆ ለአንድ ሥዕል ገንዘብ መክፈል ልማድ ሆኖ ሰውን ወደ ገበያ ዕቃነት እንዳቀረበው ብዙ ተብሏል። በቅርባችን ገጠር ይህ ልማድ ገና አልጸናምና ከመጽናቱ በፊት የተሻለ ልማድ ሊተከል ይገባል። ይኸውም አንሺው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከየት እንደ መጣና ሥዕሉን ለምን እንደሚፈልግ ተናግሮ፣ ፈቃድ ጠይቆ እንዲያነሣ፤ በሌላ ጊዜም ተመልሶ የታተመውን ሥዕል ለባለቤቱ እንዲያስረክብ ነው። ወደ ኦሞ የሄደ ሰው ተመልሶ ለመምጣት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ወደ ሱሉልታ የሄደ ግን በሳምንቱ ሊመለስ ይችላል። የቅርብ ገጠር ከሩቁ የሚበልጥበት አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ሁለተኛውም ጥቅም ከዚሁ ይወለዳል። ሩቅ አገር የሚጓዝ ሰው አንድን ማሳ የሚያየው አንድ ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ ያንን ቀን ዓመት አድርጎ ከማቅረብ ሌላ ምርጫ የለውም። የቅርቡን ገጠር የሚያነሣ ግን አንዱን ማሳ በሚያዝያ ደረቅ ሆኖ፣ በሰኔ ሲታረስ፣ በሐምሌ ጤፉ ሲዘራ፣ በመስከረም ሲታረም፣ በኅዳር ሲታጨድ፣ በጥር ሲወቃ ሊያየው ይችላል። እንዲህ ያለ ስብስብ በአንድ ገበሬ አንድ ጥማድ መሬት ላይ ብቻ ቢሠራ እንኳ ስለ ደጋው እርሻ ከብዙ የተበታተነ ሥዕል የበለጠ ያስተምራል። የቀረው የሚያስፈልገው ነገር ቀላል ነው፤ ቀኑ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የስፍራው ስም በሁለቱም አጠራር፣ አንሺው የቆመበት ቦታና የተመለከተበት አቅጣጫ፣ የሚታየው ሥራና መሣሪያ ስም ባገሬው ቋንቋ።

ይህ አዲስ አሳብ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ የኢትኖሎጂ ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ መጽሔቱ ተማሪዎች የየትውልድ ስፍራቸውን ልማድ፣ ጋብቻና ሥራ ራሳቸው ያወቁትን ጠይቀውና አጣርተው የሚጽፉበት ነበር። የዚያ ሥራ ጥንካሬ ጸሐፊው የሚጽፍለትን ሰው ስለሚያውቀውና ተመልሶ ስለሚያገኘው ነበር። በብዕር የተሠራው በካሜራ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ዛሬ ካሜራ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ አለ፤ የገበሬው ልጅም ስልክ ይዟል። ምናልባት የዚህ ዙሪያ የተሻለው ሥዕል የሚመጣው መቀናጆው ከማን ጋር እንደ ሆነ፣ ምንጩ በየትኛው ዓመት እንደ ደረቀና ቆርቆሮው በስንት እንደ ተገዛ ከሚያውቀው ከዚያ ልጅ ነው። የከተማው ፎቶግራፍ አንሺ ሙያውን ቢያካፍለው፣ የጥናት ተቋማትም ሥዕሉን ተቀብለው በስሙ ቢመዘግቡለት፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

እስከዚያው ድረስ ግን ጊዜው አጭር ነው። ከከተማይቱ ጠርዝ ጀምሮ የሚቀጥለው ማሳ በዚህ ዓመት ተዘርቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለ መዘራቱ ዋስትና የለውም። ወደዚያ ማሳ የሚሄድ አንሺ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ባለማሳውን ስሙን ይጠይቀው።